ከጥር 23 በኋላም ፈረስ አለ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ናችሁ። ስለ እንጅባራው የፈረስ በዓል ያወጣችሁትን አንብቤዋለሁ፣ ፎቶዎቹ ያምራሉ፣ እዛ ድረስ ሰው መላካችሁም ያስመሰግናል። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማህበር በ1932 ዓ.ም. መመስረቱን፣ ቀኑ የጊዮርጊስ ዕለት መሆኑን፣ አድዋ ለዘመቱት ፈረሶች ጭምር መታሰቢያ መሆኑን ሁሉንም አስቀምጣችኋል። ቅሬታዬ ሌላ ነው። እናንተም ቲቪውም ሬዲዮውም ፈረስን የምታስታውሱት በዓመት ሁለት ሶስቴ ነው፣ ጥምቀት ላይ ጃንሜዳ፣ ጥር 23 እንጅባራ፣ የካቲት 23 ደሞ ምኒልክ አደባባይ፣ በቃ። ተሸልሞ ፎቶ ይነሳል፣ በማግስቱ ምን እንደሚበላ የሚጠይቅ የለም። እኛ ፈረስ ያለን ሰዎች ግን በማግስቱም እዛው ነን፣ ዓመቱን ሙሉ ስልካችን ላይ ስለ ፈረስ ስናወራ ነው የምናመሸው፣ እና ይሄን ወሬያችንን ብትሰሙት ለጋዜጣችሁ የሚሆን ብዙ ነገር አለው ብዬ ነው የምፅፈው።

እኔ የምኖረው አዲስ አበባ ነው፣ ፈረሴ ያለው ግን ሱሉልታ አጎቴ ጋ ነው። ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለበት ቦራ ነው የምንለው፣ ሰጋር አይደለም፣ ቁመናውም ያን ያህል አይደለም፣ ግን እሁድ ሄጄ ካልጋለብኩት ሳምንቱ አይገፋልኝም። ሚስቴ ለሱ ገብስ የምታስበውን ያህል ለቤቱ ብታስብ ምናለ ትለኛለች፣ አልዋሸችም።

በስልክ ግሩፕ የምንገናኘው ሰዎች ከሰላሌ፣ ከአርሲ፣ ከአዊ (የእንጅባራ ሀገር ማለት ነው)፣ ከቢሾፍቱ፣ ከሐረር በኩል ነን፣ አንድ ዶዶላ ቱሪስት በፈረስ ተራራ የሚያወጣ ልጅም አለ፣ አብዛኞቻችን በአካል ተያይተን አናውቅም። የምንላላከው ቮይስ ግማሹ አማርኛ ግማሹ ኦሮምኛ ነው፣ አንዳንዴ አገውኛም ይገባበታል፣ ያልገባው ይጠይቃል፣ የገባው ይተረጉማል። የምንጠራራው በፈረሳችን ነው፣ አባ ቦራ፣ አባ ዳማ፣ አባ ጉራቻ፣ ነጭ ያለው ደሞ አባ አምባላይ። ድሮ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ይባሉ የለ፣ እኛ ጦር ሜዳ ባንውልም ስሙን አልተውነውም። በዚህ የተነሳ በየቀኑ የማወራውን ወዳጄን የመታወቂያ ስሙን ሳላውቅ ኖሬያለሁ፣ የሰርግ ጥሪ ሲልክልኝ ማነው ይሄ ብዬ ላጠፋው ስል ኧረ እኔ ነኝ አባ ዳማ አለኝ።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ላይ ግሩፑ ውስጥ ፎቶ የሚለጥፈው ግላስና መረሻት፣ ማለት የፈረስ ጌጥ፣ ያለው፣ ጉግስ የሚጫወተው፣ በዓል የሚወጣው ሰው ነበር። አንድ ቀን የቢሾፍቱ ጋሪ ነጂ ገባና መጋላ ፈረሱን ከነጋሪው አንስቶ ለቀቀው፣ ከስር ወዲያው አንዱ ይሄ እኮ የጋሪ ፈረስ ነው እዚህ ምን ይሰራል አለ። ብዙዎቻችን ዝም አልን (ዝም ማለትም መልስ ነው አንዳንዴ)። ከእንጅባራ ያሉ አንድ አባት ናቸው የመለሱት፣ ሁላችንም አባታችን ነው የምንላቸው። እኛ ጋ ፈረስ ያርሳል ልጄ አሉ፣ ሰኞ ቀንበር ይጎትታል፣ ቅዳሜ ሙሽራ ያመጣል፣ ሰው ሲሞት ለቅሶ ይቆማል፣ ጥር 23 ደሞ ያንኑ ፈረስ አጥበን እንሸልመዋለን፣ ለበዓል ብቻ የሚቀመጥ ፈረስ ያለው ካለ ይንገረኝና ልየው አሉ። የተናገረው ሰው ይቅርታ ብሎ ፅሁፉን አጠፋው። ከዛ ወዲህ የጋሪም የበዓልም የሚባል ነገር ቀርቷል፣ ወዳጅነቱም የጠበቀው ከዛ ወዲህ ይመስለኛል።

ይሄው ጋሪ ነጂ፣ አባ መጋላ፣ ባለፈው ክረምት የፈረሱን የፊት እግር ፎቶ ላከ። ከጉልበቱ ወደ ላይ እንደ ዶቃ የተደረደረ እብጠት ነው፣ አንዳንዱ ፈንድቶ መግል ይዟል። ገመድ ጫጭሮት ነው የሚል አለ፣ ዝንብ ነው የሚል አለ። አባታችን ንድፍት ነው ልጄ፣ ዛሬውኑ ለየው አሉት። ንድፍትን የማያውቅ አንባቢ ካለ ባጭሩ፣ ፈንገስ የሚያመጣው በሽታ ነው፣ በቁስል በኩል ይገባል፣ ቆዳ ስር እየሄደ ያብጣል ይፈነዳል፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ዝንብም ያዛምተዋል የጋራ ኮርቻና የጋሪ ማሰሪያም ያዛምተዋል። ለዚህ ነው ቀኑን ሙሉ ማሰሪያ የሚፈጋቸውን የጋሪ ፈረሶች የሚጨርሰው። በጊዜ ከተያዘ አዮዲን እየተደረገለት የሚድን አለ፣ ከቆየ ግን ከባድ ነው። ደግነቱ ቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ህክምና ኮሌጅ አለ፣ ስፓና የሚባለው ድርጅትም ለጋሪ ፈረስና ለአህያ እዛው ሲያክም የኖረ ነው፣ በማግስቱ ወሰደው። ህክምናው ተገኘ እንበል፣ ፈረሱ ሲቆም ግን የባለቤቱ ገቢም አብሮ ይቆማል እኮ፣ ቤት ውስጥ ልጆች አሉ፣ ለፈረሱም ፉርሽካና ድርቆሽ ያስፈልጋል። ማንም ሳይጠይቀን በቴሌብር መላክ ጀመርን፣ ቅድም ይሄ የጋሪ ፈረስ ነው ያለው ሰውዬ ከሁላችን በላይ ነው የላከው። ፈረሱ ወራት ወስዶበት ድኗል፣ ጠባሳው አለ።

ሁሌ ፍቅር ብቻ ነው እንዳልላችሁ እንጣላለን። አሜሪካ ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ ልጅ አለ፣ እዛ የፈረስ ሀገር ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በሰዓት እየከፈለ ይጋልባል፣ የሰኮና አጠራረግ በቪዲዮ እያሳየ ብዙ አስተምሮናል፣ እውነቱን ለመናገር ቦራ ሰኮናው ውስጥ ጠጠር እየያዘ ሲያነክስ የነበረውን ያቆመው በሱ ምክር ነው። ግን አንድ ቀን ስለ ልጓማችን ተናገረ። የኛ የድሮው ልጓም ቀለበት ያለው አገጩን አጥብቆ የሚይዝ ነው፣ ጉግስ ላይ በግልቢያ የመጣን ፈረስ ባንዴ ለማቆም የተሰራ ስለሆነ አፍ ያቆስላል፣ ልጁም ይሄ ጭካኔ ነው አለ። ሰላሌዎቹ ተቆጡ፣ አንተ አጥር ውስጥ ነው የምትጋልበው፣ ጉግስ ላይ ከኋላህ ዘንግ ሲወረወርብህ በክር ልታቆመው ነው ወይ አሉት። ነገሩ ከሮ ሁለት ሰው ወጣ፣ በኋላ ተመለሱ። እኔ በበኩሌ ልጁ ልክ ነው ባይ ነኝ፣ ለእሁድ ግልቢያ ያ ልጓም አያስፈልግም፣ ቀይሬዋለሁ፣ ጉግስ ለሚጫወተው ግን መልሱ ቀላል አይደለም። ልጁ ደሞ በተራው በእግር አውራ ጣት ብቻ የሚያዘውን የድሮ እርካብ ፎቶ አይቶ ለቀናት ሲጠይቅ ከረመ፣ በባዶ እግር እንዴት ይቻላል እያለ።

ሌላው የማያልቅ ጭቅጭቅ የማን ፈረስ ይበልጣል ነው። ተመራማሪዎች የኢትዮጵያን ፈረስ በ8 ከፍለውታል፣ አቢሲኒያ፣ ባሌ፣ ቦረና፣ ሆሮ፣ ከፋ፣ ቁንዱዶ፣ ሰላሌና ዊልዋል ብለው፣ ይሄን ዝርዝር አንዱ የለቀቀው ቀን ሌሊቱን ሙሉ አልተኛንም። ሰላሌዎቹ ስማችን ብቻውን ተፅፏል እያሉ ጨፈሩ፣ የአዊ ሰዎች ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው፣ ጥር ላይ ኑ አሉ። የሐረሩ ወዳጃችን የቁንዱዶ ተራራ ላይ ባለቤት የሌላቸውን የዱር ፈረሶች ፎቶ አምጥቶ ሁሉንም ዝም አሰኛቸው፣ በቁጥር ጥቂት ናቸው፣ ግጦሹን ከከብት ጋር ይሻማሉ፣ ሳያልቁ ብታዩአቸው ይሻላል አለ። ጥር ላይ ኑ የተባለው ቀልድ መስሎን ነበር፣ ግን የሄዱ አሉ፣ ሆቴል አላደሩም፣ አባታችን ቤት ነው ያረፉት።

እንግዲህ ለናንተ ያለኝ ጥያቄ ይሄ ነው። ሀገራችን ውስጥ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ፈረስ አለ ይባላል፣ አብዛኛው ሲሰራ የሚውል ነው እንጂ የተሸለመ አይደለም። የሱሉልታ ድርቆሽ ለምን እንደዚህ እንደተወደደ ፃፉልን። ጋሪ ከብዙ ከተማ አስፋልት ወጥቶ ባጃጅ ሲተካው ፈረሶቹ የት እንደደረሱ ጠይቁልን፣ መንገድ ዳር ተጥሎ የምናየው ፈረስ እኮ ከሰማይ አልወረደም። ወረዳ ላይ ያለ የእንስሳት ሐኪም ለበሬና ለላም መድሃኒት ሲኖረው ለፈረስ የለም የሚባለው ለምን እንደሆነ አንድ ጋዜጠኛ ሄዶ ያጣራ። ኮርቻ የሚሰሩ፣ ግላስ የሚጠልፉ ሽማግሌዎች አሉ፣ ሙያቸውን የሚወርስ ልጅ ማግኘት ተቸግረዋል፣ እነሱንም አናግሩ። በሳምንት አንዴ ሩብ ገፅ ይበቃል፣ ኳስ ስንት ገፅ እንዳለው ታውቃላችሁ።

ፎቶም መረጃም ከፈለጋችሁ እኛ አለን፣ ብር አንጠይቅም። አንድ ነገር ብቻ፣ ከፎቶው ስር የባለስልጣኑን ስም ስትፅፉ የፈረሱንም ስም ጨምሩበት።

ከአክብሮት ጋር
አባ ቦራ ነኝ፣ ከአዲስ አበባ