የዌልስ ጉዞ፦ ቤቱን ከመያዛችን በፊት

ሰላም ለሁላችሁ፣

ዌልስ ስል አገሩን እንዳይመስላችሁ። እንግሊዝ ውስጥ፣ ሱመርሴት ያለችውን ትንሿን የካቴድራል ከተማ ነው። እዚያው አቅራቢያ ጃኩዚ (የሙቅ ውሃ ገንዳ) ያለው የገጠር ቤት እያየሁ ነው፤ ከዓርብ እስከ ሰኞ።

አምና የያዝነው ቤት ጃኩዚ በእንጨት የሚሞቅ ነበር፣ ታስታውሳላችሁ። ማታ ደርሰን ክዳኑን ስናነሳ ውሃው በረዶ! ፎጣ ትከሻችን ላይ ጥለን እንጨት ስንማግድ እኩለ ሌሊት ሆነ። ዘንድሮ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ካልሆነ እኔ የለሁበትም። ፍልውሃ የለመደ ሰው የጃኩዚ 40 ዲግሪ ሙቀት ምን አላት ይል ይሆናል። ግን ደም ግፊት ያለባችሁና ነፍሰ ጡሮች፣ ሐኪም ሳትጠይቁ እንዳትገቡ።

ከተማዋ ባቡር ጣቢያ የላትም። መኪና ያላችሁ ስንት ሰው እንደምትጭኑ ጻፉልኝ። ሌሎቻችን በባቡር እስከ ብሪስቶል፣ ከዚያ በአውቶቡስ።

ቅዳሜ ገበያ አለ። የካቴድራሉ የ14ኛው ክፍለ ዘመን ሰዓት ደግሞ እንዳያመልጣችሁ፤ በየሩብ ሰዓቱ ላዩ ላይ ትንንሽ የፈረሰኛ ምስሎች ይጋጠማሉ። ሁሌም የሚመታው ያው አንዱ ነው፣ ምስኪን! ልጆቹ ከዚያ አይነሱላችሁም።

ዓርብ ጾም ነው፤ ሽሮው በእኔ። እንጀራ ማን ይይዛል? እስከ እሑድ ማታ መልሱልኝ።