ሞተር ላይ እንዳትወጣ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትክ? እህትህ ትናንት ደውላ ሞተር ላይ አየሁት ስትለኝ ምጣድ ላይ ያለው እንጀራ እስኪያር ደርቄ ቀረሁ። ያውም ያለ ሄልሜት! ጣርማበር ላይ አደጋ ከደረሰበት ከዚያ ሚኒባስ ከወጣህ ገና ዘጠኝ ወርህ እኮ ነው። ሞተር ላይ እንዳትወጣ ብዬህ አልነበር?

"ድኛለሁ እማ" ትላለህ። ቁስሉማ ደርቋል። ውስጡ ግን ገና ነው። አንዴ የተመታ ጭንቅላት ሳያገግም ከተደገመ እንደሚብስ ዶክተሩ ሲነግረን አብረን ሰምተናል። አእምሮ የተጎዳውን ትቶ ሌላ መንገድ ይሠራል፣ ግን ጊዜ ይፈልጋል፣ አንዱን ነገር ደጋግሞ መሥራት ይፈልጋል፣ እንቅልፍም። ማታ ስልክህን አርቀህ ተኛ።

ያኔ አልጋህ ሥር ሳድር ስለ አንድ አሜሪካዊ አንብቤ ነበር። ፊኒያስ ጌጅ ይባላል፣ የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች አለቃ። በ1848 እንደ ፈረንጆቹ፣ ድንጋይ ሊያፈነዳ ሲል ከሜትር የሚበልጥ ብረት በጉንጩ ገብቶ በአናቱ ወጣ። ተረፈ። ጠባዩ ግን ተለወጠ፣ የሚያውቁት ሰዎች "ይሄ እሱ አይደለም" አሉ። ብዙ ሰው የሚያወራው እስከዚህ ነው። እኔ የያዝኩት ግን የኋላውን ነው። ቺሊ ሄዶ ለዓመታት የመንገደኛ ሠረገላ ነዳ። ፈረስ መጥመድ፣ ሰዓት መጠበቅ፣ ሰው ማሳፈር፣ በየቀኑ ያው። ይሄ ነው ቀስ በቀስ የመለሰው የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ።

አጎትህ ትዝ አለኝ። ከአይሱዙ ላይ ከወደቀ በኋላ ይረሳል፣ ይሳደባል፣ በትንሹ ይነድዳል። እኛ "ጠገበ" አልነው። አንድ ቀን የቡና ረከቦቱን ሲገለብጠው ውጣልኝ ብዬ አባረርኩት። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ክር ማሰር አቅቶት ሲታገል በመስኮት አየዋለሁ። አልወጣሁለትም። ታላቁ ነበርኩ እኮ። ጥጋብ የመሰለኝ ሕመም ነበር፣ ይቅርታ ሳልለውም ሞተ።

አንተ ስትቆጣኝ ዝም የምልህ ለዚህ ነው። ለፋሲካ እህትህ ላይ ጮኸህ ወጣህ፣ ወዲያው ግን ተመልሰህ አጠገቧ ቁጭ አልክና ይቅርታ ጠየቅካት። ከአደጋው በፊት አንተ ለማን ይቅርታ ብለህ ታውቃለህ? ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ግን ሞተር ላይ አትውጣ። ሲረፍድብህም አትውጣ፣ ይርፈድ። የታክሲ ካነሰህ ንገረኝ። ደብተርህን ከኪስህ አትለየው፣ የምትረሳውን ጻፍበት። ቅዳሜ ቀጠሮ አለህ፣ የሲቲ ስካኑ ፊልም ፍራሽህ ሥር ነው። በሶና ጋቢ በጎረቤታችን ልጅ ልኬልሃለሁ፣ ነገ መናኸሪያ ተቀበለው። በታክሲ ሂድ።

እናትህ