ከአዲስ አበባ ጅማ ላደረሳችሁን ሁሉ

ጅማ ውስጥ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች የምናሳድግ ወላጆች ነን። ልጆቹን ለምርመራ አዲስ አበባ ወስደን በሰላም ተመልሰናል። መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ርዝመቱን ልጆቹ ይችሉታል፤ ቀጥሎ የሚመጣውን አለማወቅ ግን ያስጨንቃቸዋል።

ስለዚህ ምስጋናችን ከሹፌሩ ይጀምራል። ጋሼ፣ ወልቂጤ እቆማለሁ ብለው ወልቂጤ ቆሙልን። ልጆቹ በያዙት የፎቶ ተርታ ላይ መናኸሪያ፣ ወሊሶ፣ ወልቂጤ፣ የግቤ ድልድይ፣ ሰርቦ፣ ከዚያ ቤት አለ፤ ያለፍነው ቦታ ፎቶ ከተርታው ላይ ይወጣል። ፎቶ ቤት አሳትሞ ላሚኔት ማስደረግ ይበቃል። ከስድስት ከበለጠ ይምታታል፤ የመጨረሻው የቤት ፎቶ ከጠፋ ደግሞ ጉዞው ማብቂያ የሌለው ይመስላቸዋል። ጎማ ሊፈነዳ፣ መንገድ ሊዘጋ ስለሚችል «ለውጥ» የሚል አንድ ካርድ ይጨመርበታል። ካርዱን ግን አስቀድሞ ቤት ውስጥ በቀላል ነገር፣ ለምሳሌ የዳቦው ሰዓት ብስኩት በመስጠት ካላለማመዱት መንገድ ላይ አይሠራም።

ትኬት ቆራጯ እህታችን ከሹፌሩ ጀርባ በመስኮት በኩል ያሉትን ወንበሮች ስለያዝሽልን ገለቶማ። የኋላው ወንበር ይነጥራል፣ ጎማው ላይ ያለው ይንቀጠቀጣል፣ በሩ አጠገብ ደግሞ ጥሪና ግርግር አይጠፋም። ረዳቱም ከራሳችን በላይ ያለውን ስፒከር ዘግቶልናል። ሻንጣ ተጭኖ እስኪያልቅ ልጆቹን ውጭ አቆይቶ መጨረሻ ላይ ማስገባቱም የእሱ ሐሳብ ነበር፤ እኛ እንኳ አላሰብነውም።

ግቤን ለብቻው እናንሳው። መኪናው ወደ በረሃው ሲወርድ ጆሮ ይደፈናል፣ ሙቀቱም በአንዴ ይመጣል። መናገር የማይችል ልጅ ያኔ ጆሮውን ይመታል፣ ይጮኻል፤ ለሚያየው ሰው ብልግና ይመስላል። ወልቂጤ ላይ ጃኬት ማስወለቅ፣ ቁልቁለቱ እንደጀመረ ውኃ በስትሮ ጥቂት በጥቂት ማስጠጣት ነው። መዋጡ ጆሮውን ይከፍተዋል። ቆሎ ለትንንሾቹ አይሁን፣ ያንቃል። መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ካለ፣ በተለይ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ከሆነ፣ በእጅ ቦርሳ ይያዝ፤ ፖርቶመጋላ ላይ ከወጣ በሰዓቱ አይገኝም።

ተሳፋሪዎች፣ አንዱ ልጅ ጭንቀቱ በዝቶበት መሬት ላይ ሲወድቅ ፊታችሁን መልሳችሁ ዝም ስላላችሁ አላህ ይስጥልን፣ እግዜር ያክብርልን። በዚያ ሰዓት እያንዳንዱ «አይዞህ» እና እያንዳንዱ የሚነካው እጅ ሸክም ይጨምርበታል። አጠገቡ አንድ ሰው ይበቃል፤ ቃል ማሳነስ፣ መጋረጃ መሳብ፣ መጠበቅ። ከረሜላ የዘረጉልን እናትም ልባቸውን አይተናል፤ ብቻ ለሌላ ጊዜ መጀመሪያ ወላጁን ይጠይቁ።

ወልቂጤ ያለው ምግብ ቤት ወጡን ከእንጀራው ለይቶ፣ ከቤት ባመጣነው ሳህን አቀረበልን። ወጡ እንጀራውን ከነካው ሳይቀምሱት የሚተዉ ልጆች አሉን።

የመናኸሪያው ጥበቃ ወንድማችን፣ ከእጃችን ያመለጠውን ልጅ አላባረርክም። የሚያሳድደው ካለ ጨዋታ መስሎት ወይም ፈርቶ ይብሳል። ከጎኑ ቆመህ ኪሱ ውስጥ ያለውን በአማርኛና በኦሮምኛ የተጻፈ ወረቀት አንብበህ ደወልክልን። ያመለጠው የእኛ ጥፋት ነው፤ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ሲኖሩ አንዱ ትኬትና ሻንጣ ይይዛል፣ ሌላው የልጁን እጅ ብቻ። ሁለታችንም ሻንጣ ይዘን ነበር።

ነፍሷን ይማርና ዘሚ የኑስንም ሳናነሳ አናልፍም። በ2002 እ.ኤ.አ. ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ላይ ስትከፍት እሷም ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ሆና ነበር የጀመረችው።

ከሹፌሩ ጀርባ ወንበር ስር ሰማያዊ የጆሮ መከላከያ ትተናል፤ የግንባታ ሠራተኞች የሚያደርጉት ዓይነት ነው። ረስተነው አይደለም፤ እንደ ልጆቻችን ጩኸት ለሚከብደው ቀጣይ ተሳፋሪ ልጅ ነው። ረዳቱ ዘንድ ይቀመጥ። በሳሙና እርጥብ ጨርቅ ይጠረግ፣ ልጁም ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ያድርገው፤ ጩኸቱ ከጀመረ በኋላ ራሱን አያስነካም።