ክሪክ አይታመንም፣ ልጄ

ማሙሽዬ፣ እንዴት ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የድሬ ሙቀት እንደምታውቀው ነው፣ ሌሊትም አልበረደም። አባትህ ጉልበቱን እያመመውም ቢሆን ጠዋት ጠዋት ጋራዡን መጥረግ አልተወም። መኪናዋ የለችም፣ ባዶውን ወለል ነው የሚጠርገው።

እህትህ ከአዲስ አበባ ከአንተ ዘንድ ስትመለስ አንድ ፎቶ አሳየችኝ። ስፓይደሯ ስር፣ አሮጌዋ ፊያት 124 መኪናችን ስር፣ ተኝተህ ሁለት እግርህ ብቻ ወጥቷል። አስፍቼ አየሁት፣ መነጽሬን አድርጌ እንደገና አየሁት። አንድ ክሪክ ቆሟል፣ ሌላ ምንም የለም። ከኋላ ጎማዋ ስር ታኮ እንኳን የለም። «ሁልጊዜ እንደዚህ ነው እንዴ የሚሠራው?» ስላት ዝም አለች። ዝምታዋን አውቀዋለሁ። እሷን እንዳትቆጣት፣ ላንተ ብላ ነው ያሳየችኝ።

በስልክ ብነግርህ «እሺ እማ» ብለህ ወደ ሌላ ወሬ ትወስደኛለህ። ስለዚህ ጻፍኩልህ። ክሪክ ብቻ አምነህ ከመኪና ስር እንዳትገባ። ለአንድ ቡሎንም ቢሆን፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን፣ የወደቀ ቁልፍ ለማንሳትም ቢሆን። ክሪክ ማንሻ ነው፣ ተሸክሞ እንዲቆይ አልተሠራም። የዘይቱ ክሪክ ውስጥ ዘይቱን የሚያግደው ጎሚኒ ሲደክም ዘይቱ ያልፋል፣ ክሪኩም ይወርዳል፤ መቼ እንደሚወርድ ደግሞ አይነግርህም። እሷ ትንሽ ትመስላለች እንጂ ወደ 950 ኪሎ ትመዝናለች። ይህን ሁሉ ታውቃለህ። ማወቅህ ነው ይበልጥ ያናደደኝ።

የብረት መደገፊያ ግዛ፣ አራት። ሁለት ይበቃል እንዳትለኝ። ከእያንዳንዱ ስር ወፍራም ጣውላ አድርግ፣ መሬቱ ሲሚንቶ ካልሆነማ ግዴታ ነው። መኪናዋን ካስቀመጥካት በኋላ ከመግባትህ በፊት በትከሻህ ግፋት፤ የምትወድቅ ከሆነ አንተ ውጭ ሳለህ ትውደቅ። ያወለቅከውን ጎማ ከነቸርኬው በጎኗ ስር አስተኛው። ብሎኬት ግን እንዳታደርግ። ግቢህ ውስጥ ብሎኬት ተደርድሮ አይቻለሁ፣ ሐሳብህ ገብቶኛል። ብሎኬት ለግድግዳ ነው። ብረት አንድ ነጥብ ላይ ሲጫነው ድንገት ይፈረካከሳል።

አጎትህን አስበው እስቲ። አንተ የምታውቀው ቀኝ እጁ አልጨብጥ ካለ በኋላ ነው። እኔ የማውቀው የፊቱን ነው። ሞተር እየሠራ ካቻቢቴውን ቴስታታው ላይ ያሳርፍና እጀታውን ጆሮው ላይ ለጥፎ የትኛው ቫልቭ እንደላላ ይነግርህ ነበር። ከዚራ ውስጥ መኪና ያለው ሰው ሁሉ መጀመሪያ ወደ እኛ ግቢ ነበር የሚመጣው፣ ቀጥሎ ነው ሌላ ጋራዥ የሚሄደው። ገና ልጅ ነበር፣ ጢሙ እንኳን በደንብ አልወጣም።

ያን ቀን የመጣችው የሰው ፊያት 1100 ነበረች። ማርሚታዋ ተላቆ መሬት ይጎትታል። ባለቤቱ በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል፣ ሐረር መድረስ አለብኝ ይላል። ግቢያችን ያኔ ሲሚንቶ አልነበረውም፣ አሸዋ ነበር፣ ያ የደቻቱ ወንዝ ዓይነት ልል አሸዋ። አያትህ ባቡሩ ወርክሾፕ ሥራ ላይ ናቸው። እኔ ኒሙ ስር ቁጭ ብዬ ቡና እቆላለሁ። «ሁለት ቡሎን ብቻ ነው የቀረኝ» ብሎኝ ገባ። ክሪኩ በአንድ በኩል አሸዋው ውስጥ ሰመጠ፣ አጋደለ፣ መኪናዋም ወደ ጎን ሄደች። ትልቅ ድምፅ እንኳን አልነበረውም። ባለቤቱ ሲጮህ ነው ቀና ያልኩት። ጎረቤቱ ሁሉ ሮጦ መጣ፣ ሙስሊሙ ክርስቲያኑ፣ ሱቁን ሳይዘጋ የመጣም ነበር፣ በእጃቸው አንስተው አወጡት። ነፍሱ ተረፈች። እጁ ግን ከዚያ በኋላ ብርጭቆ እንኳን አጥብቆ አይዝም ነበር።

ስለዚህ ክሪክ ብቻ አምነህ እንዳትገባ ስልህ ከመጽሐፍ ያነበብኩትን እየነገርኩህ አይደለም።

የሚቆጨኝ ሌላው ነው። ስፓይደሯን ለመጨረስ የታሰበው እሱ ነበር። ባለቤቷ የነበረው የከዚራው ግሪክ በደርግ ጊዜ አገር ለቆ ሲሄድ ለአያትህ ሲተዋት፣ አያትህ መጀመሪያ የጠሩት እሱን ነው። ከጅቡቲ በባቡር ተጭና የመጣች መኪና ናት፣ የባቡር ሰው ቤት መግባቷ ደስ ብሏቸው ነበር። ያኔውኑ ሥራ ተከፋፈልን። አያትህ የተበላውን ብረት ሁሉ ቶርኖ ላይ አዲስ ያወጣሉ፣ አጎትህ ሞተሩን፣ እኔ ወንበሩንና ሸራውን፣ በኋላ አባትህ ሲመጣ ደግሞ ቡሎኑን እያጠበ በኒዶ ጣሳ መለየትና በላዩ መጻፍ የእሱ ሆነ። አንተና እህትህ የተወለዳችሁት ጣሳው ከተደረደረ በኋላ ነው። እህትህ የኤሌክትሪክ ገመዱን ለብቻዋ ስትዘረጋ ስንት ዓመቷ ነበር? ጎረቤት «ሴት ልጅ ጋራዥ ምን ትሠራለች» ሲል አያትህ ወንበር አውጥተው አጠገቧ ይቀመጡ ነበር፣ ማንም እንዳይናገራት።

አጎትህ ስለ ሞተሯ ሲያወራ ትዝ ይልሃል አይደል? ላምፕሬዲ፣ ላምፕሬዲ፣ ሌላ ስም የለውም። አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ለፌራሪ ሞተር ሲሠራ የነበረ ሰው ነው፣ በ1955 እ.ኤ.አ. ወደ ፊያት ገባ። «የፌራሪ እጅ ያረፈበት ሞተር ድሬ ላይ አቧራ ይጠጣል» እያለ አጎትህ ይናደድ ነበር። አካሏን ፒኒንፋሪና ሠራው፣ በ1966 እ.ኤ.አ. ቱሪን ላይ ለሕዝብ አሳዩዋት፣ እስከ 1985 ድረስ ተመረተች። የኛዋ ባለ 1608 ሲሲ ሞተር፣ ሁለት ዌበር ካርቡራተር ያላት። እሱ በግራ እጁ ነው እነዚያን ካርቡራተሮች ፈትቶ አንተን ያስተማረህ፣ ቀኝ እጁ ሲያስቸግረው አንተ ትይዝለት ነበር። ሞተሯ ሲነሳ ሳይሰማ ሄደ። ዕቃው ሲገኝ ገንዘብ የለም፣ ገንዘብ ሲገኝ ዕቃው የለም፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ዘመኑ አለቀ። ባለፈው አንተ ጋ ተነስታ ድምፅዋን ስትልክልኝ ደስ አለኝ፣ ግን መጀመሪያ የመጣልኝ እሱ ነው። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አባትህ እንዳያየኝ ጓዳ ገባሁ።

እሺ፣ ወደ ነገሬ ልመለስ።

ጎኗን ተጠንቀቅ። በ1998ቱ ጎርፍ ጭቃው እስከ በሯ ድረስ እንደነበር ታውቃለህ። ሰው ያለቀበት ጎርፍ ነው፣ ስለ ላሜራ ማውራትም ይከብደኛል። ግን ከበሮቿ ስር ያለው ሳጥን ላሜራ ውስጥ ጭቃ ገብቶ ቀርቷል። የድሬ አየር ደረቅ ስለሆነ ብረት አይበላም፣ ጎማና ቆዳ ነው የሚጨርሰው፤ ጭቃ ያዘለ ብረት ግን እዚህም ከውስጥ ይዝጋል። ከውጭ ቀለሙ ደህና ነው ብለህ ክሪኩን እዚያ ስር ብታደርገው በስቶት ይገባል፣ መኪናዋም በአንዴ ትወርዳለች። ከኋላ ስታነሳት አክስሉ ጋ አድርገው። ከፊት የሞተሩ ተሸካሚ ወፍራም ብረት አለ፣ እሱ ጋ። ሳልዳቶሬው የተበላውን ቆርጦ አዲስ ላሜራ ይብየድበት፣ ስቱኮ ቀብቶ እንዲሸፍንልህ እንዳትፈቅድ። ሲበይድ የቤንዚኑ ሰልባትዮ ይውረድ፣ ባትሪው ይፈታ። የፊት አሞርዛተር የሚታሰርበትንም ላሜራ በመዶሻ አንኳኳው፣ እነዚህ መኪኖች እዚያ ጋ መበላት ይወዳሉ።

ደግሞ ለታኅሣሥ 19 ቁልቢ በእሷ ነው የምመጣው ብለሃል አሉ። ልቤ ደስ ብሎታል፣ አልዋሽህም። ቁልቢ ገብርኤል ስለት አለብኝ፣ አንተ ጠፍተህ በቆየህበት ያ ክፉ ጊዜ የተሳልኩት፣ ምን እንደሆነ ታውቃለህ። ከአንተ ጋር ሆኜ ባደርሰው እወዳለሁ። ነገር ግን እስከ ድሬ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ የደንገጎ ቁልቁለት አለ። ደንገጎ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፣ ድሬ 1,200 አካባቢ። ያን ሁሉ በአጭር መንገድ እየተጠማዘዝክ ነው የምትወርደው፣ ከፊትህ የጅቡቲ ተሳቢ፣ ከኋላህ ጫት የጫነ የሚበር መኪና። ፍሬን ረግጠህ ይዘህ እንዳትወርድ። ሁለተኛና ሦስተኛ ማርሽ ላይ አድርገህ ሞተሩ ይያዛት፣ ፍሬኑን ነካ ለቀቅ እያደረግክ። የፍሬን ዘይቱን ከመነሳትህ በፊት ሙሉ በሙሉ ቀይረው። የቆየ የፍሬን ዘይት ከአየር ውሃ ይስባል፣ ሲግል ያ ውሃ ይፈላል፣ ፔዳሉ ባዶ ይሆንብሃል።

አራቱም እግሯ ዲስክ ፍሬን መሆኑን ለሻጮቹ ንገራቸው። ሶማሌ ተራ «የላዳ ይገጥማል» ይሉሃል። ላዳ ከፊያት 124 እንደወጣች እውነት ነው፣ ሩሲያዎቹ በ1970 እ.ኤ.አ. መሥራት ሲጀምሩ ግን የኋላ ፍሬኗን ከበሮ አደረጉት፣ ሞተሯንም ለወጡት። ስለዚህ አሮጌውን ዕቃ ይዘህ ሂድ፣ ጎን ለጎን አስቀምጠህ በካሊፐር ለካ፣ ከዚያ ግዛ። ስለ ፍሬን በዓይን ግምት አይሆንም።

የካምሻፍቱን ቺንጊያ ቀይር። አዲስ መልክ ቢኖረውም ቀይር፣ ከነመወጠሪያ ኩሽኔታው። እሷ ሰንሰለት የላትም፣ የጎማ ቺንጊያ ነው፣ ስንት ዘመን ተቀምጦ የደረቀ። መንገድ ላይ ቢበጠስ ቫልቭና ፒስተን ይጋጩና የአጎትህ ሥራ ሁሉ ይፈርሳል። ሌላው፣ ካርቡራተሩን ለአዲስ አበባ ከፍታ አስተካክለህ ከሆነ እዚህ ስትደርስ አየሩ ይወፍርባትና ቤንዚኑ ያንሳታል፣ በዚህ ሙቀት ደግሞ ትግላለች። ቤንዚኑን የሚያሳልፉት ትልልቆቹ ጅግለሮች በአጎትህ ጣሳ ውስጥ አሉ፣ «ቆላ» ብሎ የጻፈበት። አባትህ አግኝቷቸዋል፣ በአውቶቡስ እልክልሃለሁ። አውልቀህ ቀይር፣ ከመኪናዋ ስር መግባት አያስፈልግህም፣ ከላይ ነው ሥራው። ከስር የሚሠራ ነገር ካለ ግን ያልኩህን ታውቃለህ፣ ክሪክ ብቻ አምነህ እንዳትገባ።

የግራውን ወንበር ልብስ ጨርሻለሁ። ሐረር መኪና ግርግር ሄጄ ነው ክሩን ያገኘሁት፣ እዚያ ያሉት ሰፊዎች የድሮውን ስፌት ሲያዩ እጄን አመሰገኑኝ። ጥቁሩ ቆዳ መሰል ጨርቅ ለሁለቱም ይበቃል። የቀኙን ወንበር ስፖንጅ ግን አንተ ቀይረኸዋል፣ ስለዚህ በድሮው ልክ አልቆርጥም። ቁመቱን፣ የመቀመጫውን ስፋት፣ የጎኑን ውፍረት ለካና በሜሴጅ ላክ፣ በሴንቲ ሜትር። በመርፌ የሚሰፋ ነገር ስለሆነ ትንሽ ትርፍ እተዋለሁ።

ሸራዋንስ ምን አደረግካት? ከወንበር ሳይነሱ በአንድ እጅ የምትታጠፍ ናት፣ በጉልበት እንዳትጎትታት። የመስኮቱ ፕላስቲክ ታጥፎ እንዳይሰነጠቅ ስትዘጋ ፎጣ ጣል አድርግበት።

ምግብ ብላ። እህትህ ከስተሃል ብላኛለች። በሶና የሐረር ሐልዋ ከጅግለሮቹ ጋር አስቀምጫለሁ፣ ለብቻህ እንዳትበላው፣ ለአከራይህም ስጣቸው፣ በሌሊት መዶሻ እየሰሙ ዝም ያሉህ ደግ ሴት ናቸው። ማታ ብቻህን አትሥራ፣ አንድ ሰው አጠገብህ ይኑር። አጎትህን ያተረፈው ግቢው ውስጥ ሰው መኖሩ ነው። አንተ በዚያ በተዘጋ ግቢ ማን ይሰማሃል? ይህን ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም፣ የኔ ጌታ፣ እውነቴን ነው።

መደገፊያዎቹ ሳይገዙ ሥራው ይቁም። ቁልቢ በአውቶቡስ ብንሄድም ገብርኤል አይቀየመንም። ዕቁቤ ሰኞ ይወጣልኛል፣ ስለዚህ ሶማሌ ተራ ሂድና አራቱን ስንት እንደሚሉህ ጠይቀህ እስከ እሁድ ንገረኝ።

እናትህ
ድሬዳዋ