ዘይቱ አላለቀም እማዬ

እማዬ የኔ ናፍቆት እንዴት ነሽ? ስልክ ላይ የእግርሽን ነገር ስጀምርልሽ «እሺ እሺ» ብለሽ ወሬ ስለምትቀይሪ ዛሬ ጻፍኩልሽ፣ ትንሿ ታንብብልሽ።

ጀሶው ከተፈታ ይኸው ወር አለፈው። ሐኪሙም ቀስ እያልሽ ርገጪበት ብሎሻል፣ አንቺ ግን ቡናው አልጋ ድረስ ይመጣልሻል፣ ምሳው ይመጣልሻል፣ እግርሽ ትራስ ላይ ተሰቅሎ ይውላል። ከዛ ደሞ የተሰበረው ቁርጭምጭሚቴ ሆኖ ሚያመኝ ጉልበቴ ነው፣ ዘይቱ አልቋል ትያለሽ። ጎረቤቱም ሁላ «አዎ አልቋል፣ አርፈሽ ተኚ» ነው ሚልሽ፣ ሲያናድዱኝ!

ዶሮ ስትበልቺ አጥንቱ ጫፍ ላይ ያለችውን ነጭ ሙልጭልጭ ነገር ታውቂያት የለ? ካርቲሌጅ ሚሉት እሱን ነው፣ ያንቺም ጉልበት ውስጥ አለ፣ ውፍረቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ። ጉዱ ምን መሰለሽ፣ የደም ስር ሚባል የለውም። ምግቡን ሚያገኘው መገጣጠሚያው ውስጥ ካለው ፈሳሽ ነው፣ ከዛ እናንተ ዘይት ከምትሉት። ስትረግጪ ይጨመቃል፣ እግርሽን ስታነሺ መልሶ ይመጠዋል፣ ልክ እንደ እቃ ማጠቢያ ስፖንጅ። ካልረገጥሽ ማን ያጠጣዋል? ዘይቱን ልቆጥብ ብለሽ ስትተኚ እያስራብሽው ነው እኮ።

በፈረንጆቹ 2004 የወጣ አንድ ጥናት አለ፣ እንዳንቺው ቁርጭምጭሚታቸው የተሰበረ 20 ሰዎች 7 ሳምንት ያህል ሙሉ ክብደታቸውን ሳይጥሉበት፣ በከፊል ብቻ እየረገጡበት ቆይተው በኤምአርአይ ሲታዩ፣ ምንም ያልተነካው ጉልበታቸው ውስጥ ካርቲሌጁ ሳስቶ ተገኘ፣ አንዱ ቦታ ላይ እንደውም ከ6 ከመቶ በላይ። ሳሳ ማለት አለቀለት ማለት አይደለም፣ ደሞ እንዳትደነግጪብኝ። ጡንቻውም ያው አብሮ ነው ሚከሳው፣ ለዛ ነው ስትነሺ ሚንቀጠቀጥብሽ።

እዚህ ምሰራበት ነርሲንግ ሆም ያንቺ እኩዮች አሉ፣ ጉልበታቸውን በብረት አስቀይረው እንኳ ሆስፒታል እያሉ በማግስቱ ነው ሚያቆሟቸው፣ እያጉረመረሙም ቢሆን ይቆማሉ። እኔ ገበያ ውጪ አላልኩም፣ ስግደቱም ይቆይ፣ ግን በቀን ሶስት አራቴ ተነሺ። ካበጠ ወይ ህመሙ አድሮ ከባሰ ቀንሺና ለሐኪሙ ንገሪው።

ደሞ በቪዲዮ አይቼሻለሁ፣ ከዘራውን በታመመው እግርሽ በኩል ነው ምትይዢው። በግራ እጅሽ ያዢው፣ ከታመመው ቀኝ እግርሽ ጋር እኩል ይሂድ። ቅዳሜ ስደውል ትንሿ ስልኩን ረከቦቱ ላይ ታስደግፈውና ከአልጋው እስከ በሩ ሄደሽ ታሳዪኛለሽ፣ ቡናውንም ያኔ ራስሽ ትቀጃለሽ፣ እሺ?