ፈንግል ገደለው ያልነውን ዶሮ ሁሉ ፈንግል አልገደለውም

ክቡር አዘጋጅ፣

የምኖረው በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ነው። የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ጎረቤቶቼ ጎመንና ቆስጣ መትከል፣ ዶሮም ማርባት ጀምረዋል። ሆኖም ሙቀት የቆላ ችግር ነው ብለን ስለምናስብ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለው ፀሐይ በጓሮአችን ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ልብ አንለውም።

የዶሮ ቤቴን ያሠራሁት በአንድ ብየዳ ቤት ሲሆን፣ ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ፣ መተንፈሻው ደግሞ ከበሩ በላይ ያለች የስንዝር ወንፊት ብቻ ነበር። ባለፈው መጋቢት አንድ ቀን፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ስከፍተው ዶሮዎቹ ክንፋቸውን ከጎናቸው አርቀው፣ አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ፤ የመጠጫቸው ውኃ ለብ ብሏል። ከ12ቱ 3ቱ ሳይመሽ ሞቱ። ጎረቤቶቼ ፈንግል የሚባለው ተላላፊ የዶሮ በሽታ ነው አሉ፤ እኔም አምኜ ነበር። በማግስቱ ቴርሞሜትር ብሰቅል ግን ውጭ ጥላ ሥር 26 ዲግሪ ሲሆን፣ በቆርቆሮው ውስጥ 38 ደረሰ።

ዶሮ አያልባትም፤ ሙቀቷን የምታወጣው በማለክለክ ነው። ማለክለክ ሲበዛ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደሟ ስለሚጓደልና መኖዋንም ስለምትቀንስ፣ የዕንቁላሉ ቁጥር ያንሳል፣ ቅርፊቱም ይሳሳል። እኔ በሁለት በኩል ቆርቆሮውን አንስቼ በወንፊት ሽቦ ተካሁት፤ ጣሪያውን በሣር ሸፈንኩት፤ ውኃውን በሸክላ ዕቃ አድርጌ ጥላ ሥር አስቀመጥኩት። ምግብ ሲፈጭ የሰውነት ሙቀት ስለሚጨምር መኖ የምሰጠው ማለዳና ወደ ማታ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ አንዲትም አልሞተችብኝም። ይህን ስል ፈንግል የለም ማለቴ አይደለም፤ ክትባቱ ፈጽሞ መቋረጥ የለበትም።

ለአትክልቱ የጤፍ ጭድ በቂ ነው። ሥሩ ዙሪያ አራት ጣት ያህል ሲነሰነስ እርጥበቱ ቶሎ አይተንም፤ ውኃ በፈረቃ ለሚደርሰን ሰዎች ደግሞ አንድ ጀሪካን መቆጠብ ትልቅ ነገር ነው። አዲስ የተተከለ ችግኝ በቀትር በማዳበሪያ ከረጢት ቢጠለል፣ ውኃውም ከንጋቱ 12 ሰዓት ገደማ ቢጠጣ ይጸድቃል።

ስለዚህ የግብርና ባለሙያዎች ጫጩት በሚያከፋፍሉበት ቀን ስለ ክትባት እንደሚናገሩት ሁሉ ስለ ዶሮ ቤቱ ጣሪያና መተንፈሻም እንዲናገሩ፣ የብየዳ ባለሙያዎችም ዙሪያውን በቆርቆሮ የታሸገ ቤት መሥራት እንዲያቆሙ በጋዜጣችሁ በኩል እጠይቃለሁ። መጪው የካቲት ሳይደርስ ቢሆን ደግሞ ብዙ ዶሮ ይተርፋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከቱሉ ዲምቱ