ግልጽ ደብዳቤ ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ገዥ፦ ወንበር የለቀቁት ይጻፉልን

ክቡር ሆይ፣ ሰላምታዬ ከደሴ ይድረስዎ።

የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ፒያሳ አካባቢ የጨርቅና የሸቀጥ ነጋዴዎችን መዝገብ እይዛለሁ። ጥያቄዬ አንድ ነው። የባንኩ ገዥ የነበሩ ሰዎች ምን እንደወሰኑ፣ ለምን እንደወሰኑ ጽፈው እንዲያስቀምጡ ሥርዓት ይበጅ። ሕዝብም ያንብበው።

ባንኩ በ1956 ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ከአቶ ምናሴ ለማ አንስቶ ስንት ገዥ መጥቶ ሄደ። ውሳኔያቸውን እናውቀዋለን፣ ኖረንበታል። ምክንያቱን ግን ማን ነገረን?

የ27 በመቶውን መመሪያ እንይ። ከ2003 እስከ 2012 የግል ባንኮች 100 ብር ባበደሩ ቁጥር የ27 ብር የብሔራዊ ባንክ ሰነድ፣ ማለትም ለባንኩ ገንዘብ የሚያበድሩበትን ወረቀት፣ ግዙ ተባሉ። መጀመሪያ ላይ ሰነዱ የሚያስገኝላቸው ወለድ 3 በመቶ ነበር። ለቆጣቢ የሚከፍሉት ደግሞ ቢያንስ 5 በመቶ። ጉድለቱ ከየት ይሞላል? ከተበዳሪው ነዋ! የእኛ ነጋዴ ይህን በብድር ወለዱ ላይ አገኘው። ገንዘቡ ለልማት ነው ተባለ፤ እሺ፣ ይሁን። ግን ያኔ ሌላ አማራጭ ቀርቦ ነበር? የተቃወመ ሰውስ ነበር?

ምንዛሬውም ያው ነው። ዶላር 20 ዓመት ገደማ በ2.07 ብር ቆይቶ በ1985 አምስት ብር ገባ። በ2010 ብር 15 በመቶ ረከሰ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ ለገበያ ተለቀቀ። በዚያ ሰሞን አንድ ደንበኛዬ ጣቃዎቹ ላይ የለጠፈውን ዋጋ በሙሉ ላጠው። ዕቃው በድሮው ምንዛሬ ገብቷል፣ ዕዳው የሚከፈለው በአዲሱ ነው። «ስንት ብዬ ልሽጠው?» አለኝ። ካልኩሌተሬን ይዤ ዝም አልኩ።

ከሁሉ በላይ ማንበብ የምፈልገው ስለ ቀጥታ ብድሩ ነው። መንግሥት በጀት ሲጎድለው ከባንካችሁ ይበደር ነበር። ዋጋ ካናሩት ነገሮች አንዱ ይኸው እንደሆነ ባንኩም አይክደውም። ታዲያ ያን ጊዜ ገዥው «አይሆንም» ማለት ይችል ነበር? ብሎ ያውቃል? ይህን የሚመልሰው ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ብቻ ነው። ማንንም ለመክሰስ አይደለም። ምናልባት እጃቸው ታስሮ የነበሩ አሉ፤ እነሱም ቢሆኑ ይናገሩ።

ባንኩ ውስጥ ስለ ወለድና ስለ ገንዘብ የሚመክረው የገንዘብ ፖሊሲ ኮሚቴ መግለጫ ማውጣት መጀመሩ ጥሩ ነው። መግለጫ ግን የተስማሙበትን እንጂ የተከራከሩበትን አይነግርም።

ጽሑፉ ሲወጣ ታዲያ በአማርኛና በሌሎቹም የአገራችን ቋንቋዎች ይሁን። የባቲ ነጋዴ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሪፖርት ምን ያደርግለታል? አንድ ቅጂ ለወሎ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይላክልን። እኔም ሄጄ አነበዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የደሴ ነዋሪ